ግራ የገባው ክንፍ

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ታህሳስ፣ ኦውሉ ከተማ፣
ፀሐይ ለሦስት ሰዓት ብቅ ብላ በምትሸሽበት ጨለማ።
ሃንጋሩ ውስጥ ሌትም ቀንም ያው ነጭ መብራት ይበራል፣
በበሩ ስር ሾልኮ የገባ በረዶ እንደ ዱቄት ይዞራል።
አውሮፕላኑ ወለሉ ተነቅሎ፣ ሆዱ ተከፍቶ ይታያል፤
ከመሪው እስከ ክንፉ ጫፍ የብረት ገመድ ይሄዳል፣
በመዘውር ላይ ተጠማዞ፣ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ፣
የአብራሪን እጅ መልእክት ለክንፉ ሊያደርስ ተልኮ።

አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፣
በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ላብ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ።
ሥዕሉ ከላይ ያየውን እኔ ከታች ሆኜ ሳይ
እንዲያ ነው የሆነው። ሌላ ምን አለኝ? ድካም ነው ልበል ወይ?
ሁለቱ ገመዶች መንታ ናቸው፤ እናታቸው እንኳ አትለያቸው።
አቀያየርኳቸው።

ኮምፒውተሩን ጠየቅነው፤ «ደህና ነኝ» አለ፣ አረንጓዴ በራ።
የጠየቅነውን መለሰ እንጂ ማን ነገረው ስለ ቀኝና ግራ?

ፈርሜ፣ እጄን ታጥቤ፣ ካፖርቴን ደርቤ ልወጣ ስል
ኢርያ መጣች። ኢርያ ካሊዮይነን፣ ሁለተኛዋ ፈራሚ፣
ጉልበቷን የሚያማት፣ ጨው ያለው ጥቁር ከረሜላ ቃሚ።
«ውጣ» አለችኝ ወደ መሪው፤ እሷ ከክንፉ ስር ቆመች፣
«ቀኝ!» ብላ ጮኸች።

መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ።
ዝም አለች።
«ድገመው።»
ደገምኩ።
ዝም አለች።

በመስኮት አንገቴን አስግጌ አየኋት፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ
እንደሚምል ሰው ቆማለች፤ ኤሌሮኑ ግን ወርዷል፣ መውጣቱን ትቶ።
ቀኝ አልኩት፣ ግራ ገባው።
ግራ ያስገባሁት ግን እኔ ነበርኩ፣ የሚያውቅ እጅ የሠራው።

መሰላሉን በአንድ ጉልበቷ ወጣች፤ አልተቆጣችም።
«ነፋስ ሲገፋው» አለችኝ፣ ከገመዱ ዓይኗን አላነሳችም፣
«አብራሪው ያርመዋል። ሲያርመው ይብሳል። ሲብስ አጥብቆ ያርማል።
ሰውዬው ባረመ ቁጥር ያጠፋል።
ጥፋቱን በራሱ እጅ ይፈልጋል፤ እጁ ላይ ግን ጥፋት የለም።»
ከረሜላዋን አላመጠች። እኔ እግሬ ከድቶኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ገመዱን ፈታን፣ አቃናን፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብን።
ከዚያ መዝገቡን ገፋችልኝ፦ «አንተ ጻፈው፣ በሙሉ ስምህ» ብላኝ።
ጻፍኩ፦ ተሻግሮ ነበር። ያሻገርኩት እኔ። ኦስሞ ፒኢራይነን።
እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ መስመር አልሞላም ግን።

በሦስተኛው ቀን በረረ። ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ቆጠርኩ ተሳፋሪውን፦
ቀይ ኮፍያ ያጠለቀ ሕፃን፣ በጥርሱ የያዘ የእናቱን ጓንት ጫፉን፣
በረዶ መንሸራተቻውን እንደ ልጅ ያቀፈ ሽማግሌ፣
ስልኳ ውስጥ የምትስቅ ሴት። መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩን አልረሳም እስካለሁ አካሌ።
አንድም ሰው ቀና ብሎ ክንፉን አላየ።
ለምን ያያል? እንዲያይለት የተከፈለው ሰው እያለ።

ኢርያ ጡረታ ወጥታለች፤ ሐይቁን በስታ፣ በበረዶ ላይ ወንበር ዘርግታ
ዓሣ ትጠብቃለች አሉኝ፣ የሚያማትን ጉልበት በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ረስታ።
ከክንፉ ስር ያለሁት አሁን እኔ ነኝ።
መሪው ላይ ቬንላ አለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትሰለቸኛለች መሰለኝ።
«ኮምፒውተሩ እኮ አረንጓዴ ነው» ትላለች።
«ቀኝ!» እላለሁ። ታዞራለች።
«ድገሚው።»

እጄን አንስቻለሁ። ብርዱ በጓንቱ ስፌት ገብቶ ጣቴን ይበላኛል።
አላወርደውም።
ገና አላየሁም።